ሕግ አውጪ ልጆች



ረቡዕ የጾም ቀን ነው፤ ለዚህች ለሮብ ገበያ ደግሞ የገበያዋ ቀን ነው፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ድንቹንና ገብሱን ጭኖ የወረደው ገበሬ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ጨውና ዘይቱን ሸምቶ፣ ዝናም ሳይቀድመው ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚቸኩልበት ዕለት ነው። እንዲህ ባለው ዕለት፣ እንዲህ ላለው ሥራ ወዳድ ጉባኤ፣ ስለ ጨዋታ፣ ያውም ልጆች በስልክና በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ዓይናቸው እስኪቀላ ስለሚጫወቱት ጌም ለመናገር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ምክንያቱን ማስረዳት ግዴታው ነው።

ምክንያቴ ይህ ነው። ጌም የሚጫወት ልጅ ሌላ ሰው ባወጣው ሕግ ውስጥ ገብቶ ይኖራል፤ ጌም የሚሠራ ልጅ ግን ራሱ ሕግ አውጪ ይሆናል፤ ሕግ ማውጣትም ቁጥርን፣ ቋንቋን፣ ትዕግሥትን፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ያላዩትን ሰው ልብ መገመትን ይጠይቃል። ተማሪውን ከጅምሩ አንሥቶ ደራሲ የሚያደርግ እንዲህ ያለው የትምህርት ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ግኝት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ፤ የጎጃም ሰው ግን በቅኔ ቤት ለዘመናት ሲሠራበት የኖረ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምለምናችሁ ያንኑ የቆየ ሥርዓት ወደ አዲሱ መሣሪያ እንድታሻግሩት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የወላጆችን አቤቱታ ላንሣ፤ ሐሰት አይደለምና። ትምህርቱን ይከታተላል ተብሎ ከገጠር ወደ ደብረ ማርቆስ የተላከ፣ እናቱ ስንቁን ቋጥራ በመኪና የምትልክለት ልጅ፣ ለቤት ኪራይ የተሰጠውን ገንዘብ በፕሌይ ስቴሽን ቤት በየግጥሚያው እየከፈለ ሲጨርሰው፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቤቲንግ ቤቱ መስኮት ሲሻገር ያየ አባት፣ ጌም የሚባለውን ሁሉ ቢረግም ማን ሊወቅሰው ይችላል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተሰማ ጊዜ፣ በየቤቱ ቀድሞ የተከሰሰው ስልክ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ መጫን ግን ለእኛ ለታላላቆቹ እጅግ የሚመች ፍርድ ስለ ሆነ እጠራጠረዋለሁ፤ መጽሐፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍትና ዕቃ የሌለው ላቦራቶሪ ስልክ ከመምጣቱ በፊትም ነበሩ።

የጌም ንግድ የተስፋፋው ለልምምድ ከተሰጠ ሥራ ተነሥቶ እንደ ሆነ ባስታውሳችሁ ደግሞ ቅያሜው ጥቂት ይበርድ ይሆናል። በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር አታሪ የተባለው ኩባንያ አለን አልኮርን የሚባል ወጣት መሐንዲስ በቀጠረ ጊዜ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ኖላን ቡሽኔል አዲሱ ሠራተኛ እጁን ያፍታታ ዘንድ አንድ ቀላል የመለማመጃ ሥራ ሰጠው፤ ሥራውም ሁለት ሰዎች አንዲትን የብርሃን ነጥብ በመስኮት ላይ ወዲያና ወዲህ እየመለሱ የሚጫወቱበትን ጨዋታ ማበጀት ነበር። ለልምምድ የተሰጠችው ያች ሥራ ፖንግ ተብላ ገበያ ወጣች፤ ዛሬ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተስፋፋው ንግድም ከእርሷ ወዲህ የሰፋ ነው።

ነገሩን በቃል ከማወደስ ሠርቶ ማሳየት ይሻላልና፣ ሁላችንም የምናውቀውን ገበጣን እንውሰድ። የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል፤ ከሁሉም ቀለል ያለውን፣ በ2 ረድፍ 12 ጉድጓድ ያለውን፣ በየጉድጓዱም 4 ጠጠር የሚቀመጥበትን ብንመርጥ፣ የጠጠሩ ድምር 48 ይሆናል። እረኛው ልጅ ይህን ጨዋታ መሬት ቆፍሮ ሲጫወት እጁ ያውቀዋል፤ ከአንዱ ጉድጓድ ያፍስና በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። አሁን ይህንኑ ልጅ በኮምፒዩተር ፊት አስቀምጡትና ‹‹ጨዋታውን ለዚህ ምንም ለማያውቅ ግዑዝ አስተምርልን›› በሉት። እጁ የሚያውቀውን ነገር ልቡናው ገና እንዳልደረሰበት ያን ጊዜ ይገለጥለታል፤ ኮምፒዩተሩ ‹‹ይዞራል›› የሚባለውን ቃል አያውቅምና፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ልጁ እንደ ለመደው ከ1 እስከ 12 ይቆጥራል። ከ9ኛው ጉድጓድ 5 ጠጠር አፍሶ ሲያዘራ የመጨረሻው ጠጠር በ14ኛው ላይ ሊያርፍ ይሆናል፤ 14ኛ ጉድጓድ ግን የለም። ትንሽ አስቦ 12 ይቀንስለታል፤ 2 ይሆናል፤ በእጁ ቢሞክረውም በእውነት 2ኛው ጉድጓድ ላይ ያርፋል። ደስ ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ፣ ጠጠሩ ሲበዛ ደጋግሞ ከመቀነስ ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መያዝ እንደሚቀል ያገኛል፤ ነገር ግን መድረሻው ልክ 12 በሆነ ጊዜ ቀሪው 0 ይወጣና ጨዋታው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ 0 የሚባል ጉድጓድ አልሠራማ። እዚህ ላይ አንዱ ልጅ ይናደዳል፤ ሌላው ለ0 ብቻ የተለየ አንቀጽ ይደነግጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ሲያስብ ይቆይና ጉድጓዶቹን እንደ ገና ከ0 እስከ 11 ይቆጥራቸዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ይቃናለታል። በክፍል ውስጥ በግድ የሸመደደው ‹‹የማካፈል ቀሪ›› ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሳይነግረው ገባው።

ከዚያም ሌላ መከራ ይመጣል። ጨዋታው ጥቂት እንደ ሄደ አንድ ጠጠር ይጠፋል፤ ወይም ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ ጠጠር ይጨመራል። መምህሩ በዚህ ጊዜ መልሱን ቢነግር ትምህርቱን ከተማሪው ነጠቀው ማለት ነው፤ ይልቅስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ ‹‹በእያንዳንዱ ተራ ማብቂያ በጉድጓዶቹ ያለውና ሁለታችሁ የበላችሁት ሲደመር ስንት ሊሆን ይገባል?›› መልሱ 48 ነው፤ ጨዋታው ቢከፋም ቢለማም 48 ነው። እንግዲያውስ ፕሮግራሙ ከየተራው በኋላ ጠጠሩን ራሱ ይቁጠር፤ ድምሩ 48 ሳይሆን የተገኘበት የመጀመሪያው ተራ ስሕተቱ የተሸሸገበት ተራ ነውና፣ ልጁ እዚያው ይፈልገዋል። በሚለዋወጥ ነገር ሁሉ መካከል የማይለወጠውን ይዞ መመርመር የሒሳብም የፍልስፍናም ሥር ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ ለጨዋታ ብሎ ሲደርስበት ማየት እኔን ከማናቸውም የምረቃ በዓል ይልቅ ደስ ያሰኘኛል።

በመጨረሻም ፍርድ ይመጣል። ጨዋታው ተሠርቶ ለጓደኞቹ በተሰጠ ጊዜ ቀድሞ የጀመረው ዘወትር የሚያሸንፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ታናሽ እኅቱ የት እንደምትነካ ስላልገባት ትታው ከተነሣች፣ ጥፋቱ የእርስዋ እንዳልሆነ ይማራል። ሕግ አውጪው ሕጉን የሚፈጽመውን ሰው ማሰብ እንዳለበት በሥነ ምግባር ትምህርት ከሚነገረው ይልቅ፣ የገዛ እኅት ፊት ሲጠቁር ማየት ያስረዳል።

አሁን ወደ ቅኔ ቤት ልግባ፤ በዚህ ጉባኤ ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ሊቃውንት ስላሉ ስሳሳት ያርሙኝ። ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከሩቅ አውራጃ የሚመጣው ተማሪ፣ ከግሱ ጥቂት እንደ ያዘ፣ የአገባቡን ዝርዝር ሳይጨርስ፣ ‹‹ቁጠር›› ይባላል። የሚቆጥረው 2 ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃና ነው፤ ምንም እንኳ ትንሽ ብትሆን ጎደሎ አይደለችም፤ መጀመሪያና መጨረሻ፣ ሰምና ወርቅ ያላት ሙሉ ቅኔ ናት። እርስዋን ሲሞላ 3 ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም በየደረጃው እያለፈ 8 ቤት ወዳለው ወደ መወድስ፣ በመጨረሻም ወደ ሙሉ ቤት ይደርሳል። ቀን በየዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የቆጠረውን በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ቤቱ ከጎደለ፣ ግሱ ካልተስማማ፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ካልቻለ እዚያው ይታረማል፤ ያማረ ከሆነም ‹‹ይበል!›› ይባልለታል። ትናንት የተነገረው ለዛሬ አያገለግልምና ነገ ሌላ አዲስ መቁጠር አለበት።

ይህን ሥርዓት ከዘመናዊው የኮምፒዩተር ክፍል ጋር ስናነጻጽረው አፍረን ዝም የምንልበት ነገር አለ። በብዙ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ይሰጣል፤ ልጁ የመሣሪያውን ክፍሎች ስም በደብተሩ ይጽፋል፣ ሥዕሉን ይሥላል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ በመሣሪያው ግን አንዲት ነገር እንኳ ሳይሠራበት ዓመቱ ያልፋል። ማሽን ባለበት ቤትም ቢሆን አንዳንዱ መምህር የቋንቋውን ሕግ ሁሉ ከሀ እስከ ፐ አንብቦ ሳይጨርስ ለተማሪው ምንም እንዲሠራ አይፈቅድለትም። በዚህ አሠራር ቅኔ ቢማር ኖሮ፣ የጎጃም ተማሪ ግስ ሲገስስ አርጅቶ አንዲት ጉባኤ ቃና ሳይቆጥር ይሞት ነበር።

ቅኔ ቤትን ማመስገኔ ጉድለቱን አለማየቴ አይደለም። ረኃቡና አለንጋው ስንቱን ብሩህ አእምሮ ከመንገድ እንዳስቀረ የሚቆጥር የለም፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከደጁ አልገቡም። ከጥቂቶቹ አንዷ የዚሁ የጎጃም ልጅ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው፤ ዓይነ ስውር ሆነው ከአባታቸው ጉባኤ ቅኔን ተምረው ኋላ ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩ ናቸው። አዲሱን ትምህርት ስንጀምር ግን አንዲት ገላነሽ ተገኘች እያልን የምንኩራራበት ሳይሆን፣ ከሁለት ተማሪ አንዷ ሴት ልጅ የምትሆንበት ጉባኤ እንዲሆን እሻለሁ፤ ስልክ ከወንድሟ እጅ እየለመነች የምትነካ ልጅ ላፕቶፑን ቀድማ እንድትይዝ ካልተደረገ በቀር ወንዶች እንደሚቀድሟት የታወቀ ነው።

በባሕር ማዶም ወደዚህ ሐሳብ በሌላ በኩል የደረሱ ሊቃውንት አሉ። ሲሞር ፓፐርት በ1928 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ተወልዶ፣ ኋላ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተማረ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ እርሱና ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. ሎጎ የተባለውን ለልጆች የተሠራ የኮምፒዩተር ቋንቋ አበጁ። የፓፐርት አሳብ፣ ኮምፒዩተር ልጁን ያስተምር ከማለት ይልቅ ልጁ ኮምፒዩተሩን ያስተምር የሚል ነበር፤ ሰው ሌላውን ሲያስተምር ራሱ ይማራልና። በዚህ መንገድ ላይ ተከትለው የመጡት ያስሚን ካፋይ በቦስተን ከተማ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው ክፍልፋይ የሚያስተምር ጌም በሎጎ እንዲሠሩ አደረጉ፤ የሆነውንም በ1995 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡ። ጌሙን የሠሩት ልጆች ክፍልፋይንም ፕሮግራሙንም እንደ ልማዱ ከተማሩት ይልቅ አውቀው ተገኙ። ለእኔ ከውጤቱ ይበልጥ የሚማርከኝ አሠራሩ ነው፤ ታናሹን ልጅ ምን እንደሚያደናግረው ለማወቅ ታላቁ ልጅ የራሱን መደናገር ማስታወስ ነበረበት። ከዚያው ኢንስቲትዩት ሚቸል ሬዝኒክና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ስክራች የሚባለውን ለሕዝብ አወጡ፤ ትእዛዙ በፊደል ከመጻፍ ይልቅ እንደ ጡብ እየተገጣጠመ የሚሠራበት ነው፤ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ትእዛዞቹም በአማርኛ ይነበባሉ።

አንድ ሌላ ታሪክ ግን ሳልነቅፍ አላልፍም። በ2012 እ.ኤ.አ. ‹‹ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ›› የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በታሸገ ካርቶን ታብሌት አድርሶ፣ ያለ መምህር ምን እንደሚሆኑ እመለከታለሁ አለ፤ ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፣ ከወራት በኋላም የተዘጋባቸውን ካሜራ ፈቱት ተብሎ በዓለም ተወራ። የእነዚያ ልጆች ብልኅነት አላስደነቀኝም፤ ልጅ ሁሉ በየትም አገር ብልኅ ነው። ያስደነቀኝ ከዚህ ተነሥቶ መምህር አያስፈልግም ወደሚል ፍርድ የሚያዘነብል ሰው መኖሩ ነው። ካሜራውን የከፈተ ልጅ ‹‹ይበል!›› የሚለው፣ ቀጥሎም ‹‹ቤቱ ጎድሏል፤ ሂድና ሙላ›› የሚለው የኔታ ከሌለው፣ መሣሪያው ከሰለቸው ቀን በኋላ የቀረለት ነገር ምንድን ነው?

በአገራችን ሥራው ተጀምሯል፤ ስለዚህም ሁሉን ነገር ከአልቦ እንደምንጀምር አድርጌ አልናገርም። በአዲስ አበባ ዳዊት አብርሃም ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው ቅኔ ጌምስ፣ ኩኩሉ የተባለውን አንዲት ዶሮ እየሮጠች የምታመልጥበትን ጨዋታ፣ እንዲሁም ገበጣን በስልክ መስኮት ላይ አቅርቧል። በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው በአዲስ አበባ ከተመሠረተው ከአይኮግ ላብስ ኩባንያ ጋር የተያያዘውና ቤተልሔም ደሴ የመሠረተችው ተቋም ልጆችን ኮዲንግና ሮቦት ያስተምራል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የስቴም ማእከል አለ። ከአገራችን ውጭም ብንመለከት በካሜሩን በያውንዴ በ2013 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኪሮኦ ጌምስ፣ ኦሪዮን የተባለውን በአፍሪካ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ በ2016 እ.ኤ.አ. ጨርሶ ለዓለም ገበያ አውጥቷል።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች ጋር ሆኖ የጀመረው 5 ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ሥልጠናም ነጻ ነው፤ ዌብ ማበልጸግንና የመሳሰለውን በኢንተርኔት ያስተምራል። ይህን በጎ ሥራ እያመሰገንሁ ግን፣ የሚጠቅመው የሚያስተማምን ኢንተርኔትና የሠላ እንግሊዝኛ ያለውን ወጣት መሆኑን እናገራለሁ፤ ለዚህ ለሲናን ወረዳ የ11 ዓመት ልጅ ደጁ ሩቅ ነው። ለዚህ ልጅ የሚሆነው በአጠገቡ ያለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ ሲሳሳት ፊቱን የሚያይ መምህር ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ጌም መሥራት ከተማረ ባለጸጋ ይሆናል የሚላችሁን ሰው አትመኑት። በስልክ ገበያ ላይ በየቀኑ የሚወጣው ጌም እልፍ ነው፤ ከእልፉም የሠሪውን እንጀራ የሚያበስለው ጥቂቱ ነው። ቅኔ ቤት ከገቡት ሁሉ መምህረ ቅኔ የሆኑት ስንት ናቸው? የቀሩት ግን ዳኛም ሆኑ፣ ጸሐፊም ሆኑ፣ ገበሬም ሆኑ፣ ነገር ሲቀርብላቸው ሰሙን ከወርቁ ለይተው የሚያዩ ሰዎች ሆነዋል፤ እኔም ከጌም ሥራ የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የጎጃም ሊቅ ፈርቶ ወደ ኋላ እንዳልቀረ ለማስረዳት አንድ ስም ይበቃል። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔውንና ዜማውን ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ቴያትር ለአገሩ እንግዳ ነበረ፤ እርሱ ግን በቅኔ ቤት ያገኘውን ቃልና ዜማ ወደዚያ እንግዳ መድረክ አስገብቶ፣ ተማሪዎችን እያሠለጠነ ተውኔቱን ለሕዝብ አሳየ። ዛሬ ጌም ለሚሠሩ ልጆች የሚሆነውም ታሪክ እንዲሁ በደጃችን ሞልቷል፤ የጎዛምኑ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ተረት ተረት የመሠረት›› ብለው ያስቀመጡት ዓይነት ተረት፣ ጮቄ ላይ ጉም ሲወርድ በየእሳቱ ዙሪያ የሚወራው የቀበሮና የዝንጀሮ ነገር፣ የውጭ አገር ጀግና ሠይፍና መትረየስ ሳንዋስ ለብዙ ጨዋታ ይበቃናል።

የሚያስፈልገውን ዕቃ በተመለከተ የማወራው ጥቂት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የክልላችን ሰላም ደፍርሶ ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ መቋረጡን፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም መዘጋታቸውን ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ማናቸውም ዕቅድ ለዚህ አገር አይሆንም። ስክራች ግን አንድ ጊዜ በላፕቶፕ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩትና ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሁሉ የተፈቀደው ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያም ለታላላቆቹ ልጆች እንዲሁ ነው። አንድ ላፕቶፕ ለሁለት ልጆች ይብቃ፤ አንዱ ይነካል፣ ሁለተኛው ያነብለታል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለዋወጣሉ። መብራት በሌለበት ቀን በወረቀት ይቆጥራሉ፤ ቅኔ ቤትም መብራት ኖሮት አያውቅም።

ለታላላቆቹ ልጆች የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የፊደል ጨዋታ በሆነ ነበር። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሀ 4608 ነው፣ ሁ 4609 ነው፣ እንዲህ እያለ በረድፉ ይቀጥላል፤ ለ ደግሞ 4616፣ ሐ 4624 ነው። ከእያንዳንዱ ግእዝ እስከ ቀጣዩ ግእዝ 8 አለ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ያግኙት፤ ከዚያ የ‹‹መ››ን ራብዕ ማንም ሳይነግራቸው በማባዛትና በመደመር ያምጡት፤ ቀጥለውም ቀ ላይ ሲደርሱ ቈ የሚባለው ዲቃላ ፊደል ጣልቃ ገብቶ ስሌታቸውን ሲያፋልስባቸው ይመልከቱ። አበገደውን ሳይሆን ሀለሐመውን የመረጠው መዝገብ ለምን እንዲህ እንደ ተሰደረ መሪጌታን ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ በአንድ ሥራ ሁለት ትምህርት ቤት አገናኘን ማለት ነው።

በየሳምንቱም አንድ ቀን ነገራ ይኑር። ተማሪው የሠራውን ትንሽ ጨዋታ በጓደኞቹ ፊት ያቅርብ፤ ሌሎቹ ይጫወቱበት፤ የጎደለው ይነገረው፤ ያማረውም ሳይሸሸግ ይመስገን። ፈተና አይሰጥ፤ ማዕረጉም ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ መወድስ ቢባል እኔ አልቃወምም፤ ሊቃውንቱ ካልከፋቸው በቀር።

ከመውረዴ በፊት ለወጣቶቹ አንድ ሥራ ልተውላቸው። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ከዓለም ቼዝ የሚለይበት ወረራ የሚባል ነገር አለው፤ ጨዋታው ሲጀመር፣ አንዱ የሌላውን መጫወቻ እስኪበላ ድረስ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈጠኑ መጠን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል። ቼዝን በኮምፒዩተር የሚሠራ ሁሉ መጀመሪያ የሚጽፈው የተራን ሕግ ነው፤ በወረራ ጊዜ ግን ተራ የሚባል የለም። ሁለት ሰዎች በአንድ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ባሉት ቁልፎች ሲወርሩ፣ በአንዲት ቅጽበት ሁለቱም አንዱን ቤት ቢፈልጉት ለማን ይሰጣል? ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን የሚያነበው አንዱን ከሌላው አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ ሁልጊዜ በቀኝ ያለውን ቢያስቀድም ፍርድ ተጓደለ አይባልምን? ወረራውን የሚዘጋው መብላት ከተፈጸመ በኋላ ተራው የበላተኛው ነው ወይስ የተበላበት? እኔ ያነጋገርኋቸው አዛውንት በዚህ አልተስማሙልኝም፤ ስለዚህ ይህን ጨዋታ ሊሠራ የሚነሣ ልጅ ኮዱን ከመጀመሩ በፊት ደንቡን ከሚያውቁት ማስነገር አለበት። ከእናንተ መካከል ሰንጠረዥ የተጫወተ ሽማግሌ ካለ፣ በቅሎውን ጭኖ ከገበያው ሳይወጣ ልጆቹ ይያዙልኝ።